ሶፋ ሠሪው የጾመላት ድመት

«ደጅሽ ተቀምጬ ጉልበቴን አቅፌ፣
እምም እምምም እምም… እም እምም እምምም…»

ዘፈኑ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይሰበራል። ሶፋ ሠሪው የመጀመሪያዋን ስንኝ እንደ ገዛ ስሙ ያውቃታል፤ ሁለተኛዋን ግን ሃምሳ አራት ዓመት እስኪሞላው አንድም ቀን በቃል ሰምቷት አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ዘፈኑን የወረሰው ሙያውን ካስተማረው አሮጌ አለቃው ነው፤ አለቃው ደግሞ የመጀመሪያዋን ስንኝ ጨርቁን እየወጠረ ይልና፣ ልክ ሁለተኛዋ ልትመጣ ስትል እፍኝ ምስማር ይጎርሳል። የሶፋ ሥራ እንዲህ ነው። አንዱ እጅ ጨርቅ ይወጥራል፣ አንዱ እጅ መዶሻ ይይዛል፤ ምስማር የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ስላልተሰጠ ከንፈር ይይዘዋል። ስለዚህ ያቺ ሁለተኛ ስንኝ ዕድሜ ልኳን በምስማር መሐል እንደታፈነች ቀረች። ተማሪውም አወጣጠሩን፣ አመታቱንና ማጉረምረሙን አንድ ላይ ተረከበ።

ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ነገሩ ያብሰለስለዋል። ያ ሰውዬ በሰው ደጅ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ እሺ፤ ከዚያስ? ተከፈተለት? ወይስ ዝናቡ መጥቶ ከነናፍቆቱ አባረረው? አንድ ቀን እንዲያውም ለሰውዬው አንጀቱ ተላወሰና፣ በሐሳቡ አንድ ወንበር ሠርቶ ደጁ ላይ አኖረለት፤ ባለመደገፊያ፣ ባለስፖንጅ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሰፈሩም «ስፖንጁ» የሚለው ለዚሁ ነው፤ ጫን ሲሉት ይገባል፣ ለቀቅ ሲሉት ይመለሳል፣ የሰው እንባ ሲነካው ደግሞ መጥጦ ያስቀረዋል።

ድመቷ የመጣችው በአንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ሱቁን ሲከፍት፣ ጥግ በተከመረው የስፖንጅ ቁርጥራጭ ላይ ግማሹ ግራጫ ግማሹ ብርቱካናማ የሆነ ነገር ተጠቅልሎ አገኘ። ሰው የረሳው ሹራብ መሰለው። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ሹራቡ አንድ ዓይኑን ገለጠና «ቆይ እንጂ፣ ገና ነው» በሚል አኳኋን መልሶ ከደነው። በቃ። የስፖንጁ ልብ እዚያው ሟሟ። «ውሮ» አላት። ከዚያ ያለፈ ስም አላወጣላትም፤ ስም ማውጣት ከፈቃድ በኋላ የሚመጣ ነገር መሆኑን ከተሞክሮ ያውቃል።

ቀን ቀን ችግር አልነበረም። ውሮ በሞላዎቹ መሐል ትሹለከለካለች፣ በሲባጎ ትጫወታለች፣ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ጥፍሯን ልትስል ስትል «ተይ እሜቴ!» ሲሏት ትተዋለች። ጣጣው የሚመጣው አመሻሹ ላይ፣ ሱቅ ሲዘጋ ነው። የማስቲሹ ሽታ ያስነጥሳታል፤ አንድ ቀን ቆልፎባት ሄዶ በማግሥቱ ሲመለስ ዓይኗ ደም መስሎ አገኛትና ማረኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ሲዘጋ አውጥቶ ይዘጋል። እሷም ከተቆለፈው በር ፊት፣ እጆቿን ከደረቷ ሥር አጥፋ ትቀመጣለች፤ እሱ የመንገዱን ጥግ እስኪታጠፍ በዓይኗ ትሸኘዋለች። በሦስተኛው ቀን መታጠፊያው ላይ ቆሞ ዘወር ብሎ አያትና ክው አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲያንጎራጉረው የኖረው ዘፈን፣ ጅራት አውጥቶ፣ በራሱ ደጅ ተቀምጧል።

ቤት ልውሰዳት አለ። ቤት ግን እትዬ አለች።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ቀድማ ስላለፈች፣ አፍንጫውን የጠረገችውም፣ ፊደል ያስቆጠረችውም፣ ሱሪው ሲያጥር ጫፉን የፈታችለትም እሷ ናት። እሱ አላገባም፤ እሷ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእሱ ጋር ናት። ሁለት ክፍል ቤት አላቸው። በፊተኛው ክፍል እትዬ ልብስ ትተኩሳለች፤ የሙሽሮች ቀሚስ፣ የሹማምንት ሙሉ ልብስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዳኞች ጥቁር ካባ። በእሷ ካውያ ያለፈ ካባ ላይ ቁንጫ ብትወጣ አዳልጧት ትወድቃለች ይባላል። ክፍሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተሰቀለ ልብስ ነው፤ የቤቱ ሰዎች ሁለት የእንጨት ወንበርና አንድ በርጩማ ብቻ ተርፏቸዋል።

ስፖንጁ ለምሳ ገብቶ ነገሩን ጀመረ።

«እትዬ…»

«አይሆንም።»

«ኧረ ገና ምንም አላልኩም!»

«‹እትዬ› ያልከው ጎትተህ ነው። እንዲህ ጎትተህ የጠራኸኝ ቀን እርግብ ገባ።»

እውነቷን ነው። ክንፏ የተሰበረ እርግብ «እስክትድን» ብሎ አምጥቶ፣ እርግቧ ድና መብረር እምቢ ብላ አራት ዓመት በእግሯ ስትመላለስ ኖረች። ከዚያ ኤሊ መጣ፤ ጠፋ ተብሎ ለቅሶ ከተቀመጡለት ከሰባት ወር በኋላ ከእትዬ የክት ጫማ ካርቶን ውስጥ ተገኘ። ለበዓል የተገዛች ዶሮም ነበረች፤ ስፖንጁ ቢላዋ ይዞ ወጥቶ፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ ቢላዋውን ይዞ ተመለሰ።

«በዓለም ላይ ዶሮ በእርጅና ስትሞት ያየሁ ሴት እኔ ብቻ ነኝ» አለች እትዬ። «ስትሞት ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ! አሁን ደግሞ ምንድን ነው? በግልጽ ንገረኝ፣ ቀንድ አለው?»

«ድመት ናት። ትንሽዬ።»

እትዬ ካውያውን አቆመች። ካውያ ስታቆም ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ስማኝ አንተ ልጅ። ይኼ ምንድን ነው?»

«ካባ።»

«ቀለሙ?»

«ጥቁር።»

«አንዲት ፀጉር፣ አንዲት ብቻ፣ ከዚህ ላይ ተጣብቃ ችሎት ብትገባ፣ ጠበቃው ክርክሩን ትቶ እሷን ነው የሚያየው። የማን ስም ነው የሚጠፋው? የድመቷ? እንኳን የድመት፣ የገዛ ራሴን ሽበት እንኳ ሃያ ዓመት ሙሉ በፕላስተር እየለቀምኩ ነው የኖርኩት።»

«አስተምራታለሁ፤ ወደዚህ አትመጣም።»

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ! ደግሞስ አውቅሃለሁ። አንተ ትወዳለህ፤ እኔ እጠርጋለሁ። የዚህ ቤት ሥራ ድልድል እንደዚህ ነው። ብላ፤ ምስሩ ይቀዘቅዛል።»

በላ። የሚያሳፍረውም ይኸው ነበር፤ ልቡ ተሰብሮ ሁለት ሳህን ምስር በዳቦ በላ።

ከሱቁ አጠገብ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ራሱ እንደ ብርጭቆ ያበራል፤ አንዲት ዘለላ የለውም። የሰፈሩ አማካሪ እሱ ነው፤ ምክሩን የተከተለ ሁሉ እንደተጸጸተ ቢታወቅም ሰው መጠየቁን አልተወም። ያን ቀን ከሰዓት ስፖንጁ ወንበሩ ላይ ተደፍቶ ችግሩን ሲነግረው መቀሱን በአየር ላይ ቀጭ ቀጭ አደረገ።

«ወንድሜ ስፖንጅ፣ እህትህን የምትረታበት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው ያለህ። ሆድህ።»

«ሆዴ?»

«የረሃብ አድማ! ያሳደገችህ ሴት አይደለችም? ሳህንህ ሞልቶ ሲመለስ አንጀቷ አይችልም። እኔ ለቴሌቪዥን ብዬ በሚስቴ ላይ ሦስት ቀን አድሜያለሁ።»

«ተገዛ?»

«አልተገዛም። ግን ቦርጬ ጠፋ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ደግሞ ባዶ እጅህን አትሂድ። ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድ እንኳ ማስረጃ ይይዛል። እኔ ራሴ መላጣ፣ አንተ ቤትህ ሶፋ የለው፤ ሁለታችን ለሰው የተፈጠርን ፍጡራን ነን። ሥራላት!»

የመጀመሪያው ምክር የቂል ነበር፤ ሁለተኛው ግን የስፖንጁን ደረት ወጋው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እትዬ ምሳ ይዛለት ሱቁ መጥታ፣ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ አይታ ነበር። በመዳፏ አንድ ጊዜ ብቻ ዳበሰችው። «ይኼስ የንግሥት ነው» አለችና፣ ካውያ ያጠነከረው እጇ ጨርቁን እንዳይመዘው ፈርታ ሰበሰበችው። «እሠራልሻለሁ» ብሏት ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከበዓል በኋላ፣ ይኼ ሥራ ሲያልቅ… የሰው ሳሎን ሁሉ ሲሞላ፣ እትዬ በበርጩማ ላይ አሥራ አንድ ክረምት ተቀመጠች። ጣውላ መቁረጥ የጀመረው ያን ቀን ከሰዓት ነው።

ሁለት ሳምንት ፈጀበት። የሰው ሥራ በጠዋት፣ የእትዬን ከሰዓት። ሞላውን አንድ በአንድ በሲባጎ አሰረ፤ ወፍራም ስፖንጅ ለመቀመጫው፣ ለስላሳውን ለክንዱ። ለእጅ ማሳረፊያው ያን ያህል ሰፊ ሳጥን የሠራው ሻይ ብርጭቆ እንዲያስቀምጡበት ብሎ ነው። ውሮ ሁሉንም በቅርብ ተቆጣጠረች፤ ያላሸተተችው ምስማር አልነበረም። ሥራው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አርብ ጠዋት በቁርስ ሰዓት፣ ስፖንጁ ከወንበሩ ተነሥቶ እንደ ተማሪ ቆመ።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ፣ ለውሮ እስኪፈቀድላት ድረስ እህል በአፌ አይዞርም።»

እትዬ ዳቦዋን በሻይ እየነከረች አየችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ምስሩ ይተርፋል።»

ግን ያን ቀን ምሳ ላይ የእሱ ሳህን በቦታው፣ በሌላ ሳህን ተከድኖ ተቀምጦ ነበር። እራት ላይም እንደዚያው። ቅዳሜ ጠዋትም። እትዬ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ሳህኑ ብቻ ይናገር ነበር፤ ከመክደኛው ሥር በምትወጣው እንፋሎት ስሙን ይጠራው ነበር። ስፖንጁ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ምራቁን እየዋጠ ወጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሶፋው የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሆዱን መዝጋት። ሶፋ ሲያልቅ ይገለበጥና እግሩን ሰቅሎ እያለ ከሥሩ በአቡጀዲ ይሸፈናል። እዚህ ላይ የሙያው ጥብቅ ሕግ አለ፦ ከመዝጋትህ በፊት ውስጡን እይ። አለቃው በዕድሜው አንድ መነጽር፣ ሁለት መቀስና ሰው ሠራሽ ጥርሱን በሰው ሶፋ ውስጥ አሽጎ አስረክቧል፤ የአንድ ቤት ሰዎች እስከ ዛሬ በጥርሱ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ስለዚህ ስፖንጁ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ሁለት ጊዜ በመዳፉ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይዘጋል።

ያን ቀን ግን ካለ እህል አንድ ቀን ተኩል ሆኖት፣ ሞላዎቹ በዓይኑ ላይ እየተጠማዘዙ መኮሮኒ ይመስሉት ነበር። ጎንበስ ቢል እንደሚደፋ ስላወቀ አልጎነበሰም። አቡጀዲውን ዘረጋ። «ደጅሽ ተቀምጬ ጉልበቴን አቅፌ» አለ። ምስማር ጎረሰ። «እምም እምምም እምም…» ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ዘጋው።

ውሮን ፈለጋት፤ አጣት። ሳትሰናበተው ወጥታ መሆን አለበት ብሎ ትንሽ ተቀየማት።

ፀጉር አስተካካዩ በአንዱ ጫፍ፣ ስፖንጁ በሌላው ጫፍ ሆነው ሶፋውን ተሸክመው መንገድ ተሻገሩ። መሐል መንገድ ላይ ከአንድ ቦታ «እምምምው…» የሚል ድምፅ መጣ።

«ሆድህ ነው እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ስፖንጁም ቆም ብሎ ራሱን አዳመጠ። «መሆን አለበት» አለ፤ «እንዲህ ሆኖ አያውቅም ግን።»

«ጎበዝ! አድማው ሠርቷል ማለት ነው። እህትህ ፊት ስትደርስ አንድ ጊዜ ድገመው።»

እትዬ በሩን ስትከፍት፣ ከፊቷ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ፣ ከከፋዩ ኋላ በላብ የተጠመቁ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የተሰቀሉትን ልብሶች ወደ ጥግ ገፍታ ቦታ አበጀች፤ አስቀመጡት። እጇን በሽርጧ ጠረገች። እንደገና ጠረገች። ከዚያ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንዳደረገችው፣ በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳበሰችው፤ ይህን ጊዜ ግን እጇን አልሰበሰበችም።

«የእኔ ነው?»

«ያንቺ ነው፣ እትዬ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ።»

«ጅል» አለች፤ ድምጿ ተሰብሮ። ዞር ብላ ዓይኗን አበሰችና፣ ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ንግሥት ተቀመጠች።

«ምምምያው» አለ ሶፋው።

እትዬ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

«ሆድህ ነው?» አለች እትዬ።

«አዎ… ሆዴ ነው» አለ ስፖንጁ፤ ከልቡ አምኖ።

«እንዴት ነው ሆድህ እዚያ ቆሞ ድምፁ ከእኔ ሥር የሚመጣው?»

«እመቤቴ፣ ረሃብ ሲጠና ድምፅ ይሸሻል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ነገሩን ለማዳን ብሎ።

ይህን ሲል ከመቀመጫውና ከእጅ ማሳረፊያው መሐል ካለችው ስንጥቅ፣ ጫፏ ብርቱካናማ የሆነች ቀጭን ነገር ብቅ አለች። ወደ ግራ ተጠመዘዘች፤ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘች፤ የእትዬን ክርን ዳበሰችና ተመልሳ ገባች።

እትዬ ሳትነሣ፣ በጣም በዝግታ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ንገረኝ እስቲ። ሆድህ ጅራት አለው?»

የስፖንጁ ፊት እንደ አቡጀዲ ነጣ። «ውሮ!» ብሎ ጮኸ። «አሽጌያታለሁ! በምስማር መትቼ አሽጌያታለሁ! እኔ ሰው አይደለሁም!»

ሶፋው ተገለበጠ። አቡጀዲው ተቀደደ። ስፖንጁ እስከ ትከሻው ድረስ እጁን አስገብቶ ሲዳብስ፣ ውሮ ጫጫታው አስደንግጧት ወደ ላይ ሸሸች፤ ሸሽታ ሸሽታ ወደዚያ ሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል ወደተባለው ሰፊ ሳጥን ገባችና በሞላና በጣውላ መሐል ተቀረቀረች። ከዚያ ወዲያ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ውጪውን የሸፈነው ከፋይ ካልተቀደደ በቀር መውጫ አልነበራትም።

ሶፋውን አቃኑት። ስፖንጁ መቀሱን ከኪሱ አወጣ። ጫፉን ከከፋዩ ላይ አሳረፈ። እጁ ግን እምቢ አለው። ከጨርቁ በዚህ በኩል አሥራ አንድ ዓመት በበርጩማ የተቀመጠች እህቱ፣ በዚያ በኩል ደግሞ በሩን የዘጋባት ውሮ። ተንበረከከና ግንባሩን ከሶፋው ክንድ አስደግፎ፣ ቢያንስ እንዳትፈራ ብሎ፣ የሚያውቀውን አንድ ነገር አንጎራጎረላት።

«ደጅሽ ተቀምጬ ጉልበቴን አቅፌ፣
እምም እምምም እምም…»

«ግባ በይኝና ልደር ከቤት አርፌ» አለች እትዬ ከበላዩ፤ በደረቅ ድምፅ፣ ግን ዜማውን ሳትስት።

ስፖንጁ ቀና አለ። ለአንድ አፍታ ድመቷንም፣ ሶፋውንም፣ ረሃቡንም ረሳ።

«ታውቂዋለሽ?!»

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን! ስንኙን! ሠላሳ አምስት ዓመት… ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ሳትደርስበት የምታቆመው ለማሳዘን መስሎኝ።»

«እኔም አውቀዋለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተም?!»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል እኮ። ደንበኞቼ ያንተን ‹እምምም› ሲሰሙ በልባቸው ይጨርሱልሃል።»

ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭን፣ የደከመ «ሚው» ተሰማ። እትዬ ጎንበስ ብላ መቀሱን ከወንድሟ እጅ ወሰደች።

«እትዬ፣ ከፋዩ…»

«ጨርቅ ይሰፋል፤ ነፍስ አይሰፋም። ወግድ።»

ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ፣ ያለ አንዳች ማመንታት ቀደደችው። ለስላሳው ስፖንጅ እንደ ዳቦ ልብ ወጣ፤ ከዚያ ኋላ ጆሮ፣ ከጆሮው ኋላ አቧራ የለበሰ ጢም፣ ከዚያ መላዋ ውሮ ፍንጥር ብላ ወጣች። ስፖንጁ እጁን ዘርግቶ በእንባ ተቀበላት። እሷ ግን እሱን በጎን አልፋ፣ ፀጉር አስተካካዩን ተሻግራ፣ ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ ላይ ዘላ ወጣች፤ የካውያው ጠረጴዛ ላይ። ጠረጴዛው ላይ ገና አሁን የተተኮሰ ካባ ተዘርግቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ገላዋን አራገፈች፤ በፍትሕ ላይ ተጠቅልላ ተኛች።

ፀጉር አስተካካዩ «ደንበኛ ጠርቶኛል» አለ። ማንም አልጠራውም። ወጣ።

ስፖንጁ ውሮን አንሥቶ አቀፋት፤ ካባው ላይ የቀረውን ግራጫና ብርቱካናማ ደን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ በሩን ከፍቶ ወጣ። ከዚያ የት እንደሚሄድ ጠፋው። ሱቁ ማስቲሽ ይሸታል፤ መንገዱ የማንም አይደለም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ድመቷን ከጭኑና ከደረቱ መሐል አድርጎ ጉልበቱን አቀፈ። ረሃቡ ራሱ አሁን ዝም ብሏል።

ከውስጥ የእትዬ ቁጣ ይሰማዋል። «ይኼው! ይኼው ያልኩት!» ዕቃ ይንኳኳል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! አይጥ እንኳ ሳትይዝ!» ፕላስተሯን ስትፈልግ ማጣቷን ከመሳቢያው መንቃጨል አወቀ። ቀጥሎ የውኃ መርጫዋ ፍስስ፣ ፍስስ አለች። ቀጥሎ ዝምታ። ስፖንጁ ፈራ፤ እትዬ ስትጮህ ያውቃታል፤ ዝም ስትል አያውቃትም።

«አንተ።»

«እመት።»

«ና ወዲህ። በር ላይ ሁነህ እይ።»

አንገቱን ብቻ አስገባ። እትዬ ከተቀደደው ክንድ የወደቀች እፍኝ የምታህል ስፖንጅ በእጇ ይዛለች፤ በንዴት የያዘቻት፣ በንዴት ያረጠበቻት። በካባው ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገቻት። ፀጉሩ ሁሉ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መጣ። ሥሩ ያለው ጥቁር ከመጀመሪያውም ይልቅ ጠቆረ። የድመቷ ብቻ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ በፕላስተር ያልወጣው የእትዬ ሽበት ጭምር ተለቅሞ ስፖንጇ ላይ ተሰልፏል።

«ይኼ ነገር ከየት ነው የሚገኘው?»

«እኔ ሱቅ ነዋ። ቁርጥራጭ ነው፤ በየቀኑ በከረጢት እጥለዋለሁ።»

«ትጥለዋለህ!» አለች እትዬ፤ ልቧን ይዛ። «ሃያ ዓመት በፕላስተር ስለቅም እያየህ ትጥለዋለህ! ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?» አለ ስፖንጁ፤ አምልጦት።

እትዬ አየችው። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሊያለቅስ ነው ወይስ ሊስቅ መወሰን አቅቶት ቆየና በመጨረሻ ሳቀ። ሳቋ የተሰቀሉትን ልብሶች ሁሉ አወዛወዘ።

«ካባ ላይ አትወጣም።»

«አትወጣም።»

«አልጋዬ ላይ አትወጣም። እንደ ዶሮይቱ ጉልበቷን በዘይት እሺልኝ እንዳትለኝ። ፀጉሯን አንተ ትጠርጋለህ።»

«እጠርጋለሁ።»

«ትዋሻለህ።»

«እዋሻለሁ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። በየቀኑ ስፖንጅ ታመጣልኛለህ፤ ይኼ ግን እውነት ይሁን።» ይህን ብላ ወደ ሶፋዋ ሄደች። ውሮ ከስፖንጁ እቅፍ ሸርተት ብላ ወርዳ ቀድማት ነበር፤ በተቀደደው ክንድ ውስጥ ገብታ፣ በቀዳዳው ጢሟን ብቻ አውጥታ እትዬን ትመለከታለች። ስፖንጁ ደንግጦ፣ «ነገውኑ እሰፋዋለሁ፣ ከዚያው ከፋይ የተረፈ አለኝ» አለ።

«ተወው» አለች እትዬ፤ ከቀዳዳው በተቃራኒ ጫፍ በጥንቃቄ እየተቀመጠች። «በር ዘግተህባት አልነበር? በር ይኑራት።» ከዚያም፣ እሱ ገና ከደፉ ላይ መቆሙን አይታ፣ «ምን ይገትርሃል እዚያ? ግባ እንጂ!» አለችው።

ገባ።

ሶፋው ሞልቷል፤ በአንዱ ጫፍ እትዬ፣ በሌላው ጫፍ ውሮ፣ መሐሉን ደግሞ እግራቸውና ጅራታቸው ይዞታል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሰውን ሁሉ ያስቀመጠው ሶፋ ሠሪ በርጩማዋን ስቦ ከጠረጴዛው ተጠጋ። የተከደነው ሳህን በቦታው ነበር። ክዳኑን አነሣው፤ ምስሩ ቀዝቅዟል፣ ዳቦው ጠርዙ ደርቋል። በከንፈሩ አንዲት ምስማር እንኳ አልነበረችበትም። ስንኟን ከነሁለተኛዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ አላት፤ ከዚያ ዳቦውን ቆርሶ፣ በርጩማው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና መብላት ጀመረ።